ብልጭታው፣ ሽክርክሪቱና ሚዛኑ



ባለፈው በጋ እኛ አምስት የወጣት ክፍል አባላት ከእሑድ ትምህርት በኋላ በሕፃናቱ ፊት ቆመን ሁለት ነገር ተናግረን ነበር። አንደኛው «60 ሺህ ቮልት በእጃችን ነካን፤ ምንም አልሆንም» የሚል ነው። ሁለተኛው «በኤሌክትሪክ የተሞላ ነገር ሲሽከረከር ክብደቱ ይቀንሳል፤ በዐይናችን አይተናል» የሚል ነው። የመጀመሪያው እውነት ቢሆንም ግማሹ ብቻ የተነገረ እውነት ነበር። ሁለተኛው ግን ፈጽሞ ስሕተት ነበር።

በሳምንቱ ከመካከላችን የአንዱ ታናሽ ወንድም፣ ገና የ9 ዓመት ልጅ፣ ሚስማር ይዞ ከግድግዳው ሶኬት ፊት ተንበርክኮ ሳለ እኅቱ ደረሰችበት። እጁን ይዛ ጎትታ ምን እያደረገ እንደሆነ ስትጠይቀው፣ «እነሱ 60 ሺህ ነክተው ምንም አልሆኑም፤ ይህ እኮ 220 ብቻ ነው» አላት።

ልጁ ሒሳቡን አልተሳሳተም። የተሳሳትነው እኛ ነን። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ትምህርትም እርማትም ነው። በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎ ምን እንደሠራን፣ በመጨረሻም የት ላይ እንደሳትን በየተራ እናቀርባለን።

1. ኤሌክትሪኩ ከየት ይመጣል?

በከተማችን ዝናብ በሌለበት ወራት ማታ የናይለን ሹራብ ስታወልቁ ጠሽ ጠሽ ሲል ሰምታችሁ፣ መብራት ከጠፋም ብልጭታውን አይታችሁ ይሆናል። የፕላስቲክ ማበጠሪያ በደረቅ ፀጉር ላይ ደጋግማችሁ ከሳባችሁ በኋላ ወደ ብጥስጣሽ ወረቀት ብታስጠጉት ወረቀቱ ዘሎ ይለጠፍበታል። ይህ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይባላል። በሽቦ ውስጥ እንደሚፈሰው ሳይሆን በአንድ ነገር ላይ ተጠራቅሞ የሚቀመጥ ኤሌክትሪክ ነው።

እንደሚታወቀው ማንኛውም ነገር ከአተሞች የተሠራ ነው። በአተም ውስጥም ኤሌክትሮን የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተነካክተው ሲለያዩ ኤሌክትሮኖች ከአንደኛው ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ኤሌክትሮን የተጨመረለት ኔጌቲቭ፣ የጎደለበት ፖዘቲቭ ሙል ያዘ እንላለን። የተለያየ ሙል ይሳሳባል፤ ተመሳሳይ ሙል ይገፋፋል። አየሩ እርጥብ ከሆነ በዕቃው ላይ የሚያርፈው ስስ እርጥበት ሙሉን እየወሰደ ያጠፋዋል። ከዚህም የተነሣ ሙከራችን በታኅሣሥና በጥር ደኅና ሲሠራልን ቆይቶ፣ የሚያዝያ ዝናብ ሲመጣ እምቢ አለን።

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ለረጅም ዘመን የሠሩ አንድ አባት ይህን ስንነግራቸው ሳቁብን። «ልጆቼ፣ እሱማ የሥራችን ጠላት ነበር» አሉን። ጥጡ በሚሽከረከረው ማሽን ላይ እየተፋተገ ሲያልፍ ሙል ይይዛል። ክሮቹ እርስ በርሳቸው እየተገፋፉ ይበተናሉ፤ ከብረቱም ላይ ይለጠፋሉ። መድኃኒቱም በደቃቅ የውኃ ርጭት የክፍሉን አየር ማርጠብ ነው። እንግዲህ ሽክርክሪትና ስታቲክ ኤሌክትሪክ ከእኛ ሙከራ በፊት በፋብሪካ ውስጥ ይተዋወቁ ነበር ማለት ነው።

በሌላው ዓለምም ስታቲክ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ የተጀመረው በሚሽከረከር ዕቃ ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ፎን ጌሪከ እ.ኤ.አ. በ1672 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የድኝ ኳስ በዘንግ ላይ አድርጎ እያዞረ በእጁ ሲያሸው ላባ እንደሚስብና እንደሚገፋ ገለጸ። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ሆክስቢ በ1700ዎቹ መጀመሪያ አየር የወጣለት የብርጭቆ ኳስ እያዞረ በእጁ ሲነካው በውስጡ ብርሃን እንደሚታይ አሳየ። አሜሪካዊው ሮበርት ቫን ደ ግራፍ በ1929 በሁለት ተሽከርካሪዎች ላይ የሚዞር የሐር ጥብጣብ ተጠቅሞ 80 ሺህ ቮልት ገደማ አገኘ። እኛ የሠራነው መሣሪያ የዚህ የመጨረሻው ታናሽ ወንድም ነው።

2. መሣሪያችን

ከአንድ ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን ያረጀ በእግር የሚሠራ የስፌት መኪና ተዋስን። በላዩ 60 ሳንቲ ሜትር የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ አቆምን። በቧንቧው ታችና ላይ ሁለት ትንንሽ ተሽከርካሪዎች ገጠምን። የታችኛው ፕላስቲክ ነው፤ የላይኛውን በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቀለልነው። በሁለቱ መካከል የሚዞር ቺንጊያ አጠለቅን። ከእያንዳንዱ ተሽከርካሪ አጠገብ ጫፉ እንደ መጥረጊያ የተበተነ የመዳብ ሽቦ፣ ቺንጊያውን ሳይነካ፣ እንዲጠጋ አደረግን። የታችኛው ሽቦ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር ታሰረ። የላይኛው ደግሞ ከቀፊራ ገበያ ገዝተን አፍ ለአፍ ከገጠምናቸው ሁለት ጎድጓዳ የብረት ሳህኖች ጋር ከውስጥ ተያያዘ።

ለሁለት ሳምንት ብንረግጥ ምንም አልወጣም። ቺንጊያውን የቆረጥነው ከብስክሌት ከመነዳሪ ነበርና። የጥቁር ጎማ ጥቁረት የሚመጣው ከሚጨመርበት የካርቦን ዱቄት ነው፤ ካርቦን ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስለዚህ ከታች የጫንነው ሙል በራሱ በጎማው ላይ ተመልሶ ይወርድ ነበር። ለስፖርት የሚሸጠውን ነጣ ያለ ላስቲክ በተካንበት ዕለት ማታ ግን ሳህኑ ወደ ጣታችን 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብልጭታ ወረወረ። ደረቅ አየር በእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር እስከ 30 ሺህ ቮልት ይችላል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ይሰነጠቅና ብልጭታ ይወጣል። 60 ሺህ ቮልት ያልነው ከዚህ ተነሥተን ነው።

ሙሉ ከስፌት መኪናው የሚመጣ አይደለም። ቺንጊያው ከታች ሙል ተሸክሞ ይወጣል፤ ከላይ አራግፎ ይመለሳል። እኛ በእግራችን የምንሠራው፣ ሙሉ ሳይወድ ዳገት እንዲወጣ ማስገደድ ነው።

3. የሚሽከረከረው ሽቦ

አንድሩ ጎርደን የሚባል የስኮትላንድ ተወላጅ መነኩሴ በጀርመን አገር በኤርፉርት ሲያስተምር፣ በ1740ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) በስታቲክ ኤሌክትሪክ የሚዞር ትንሽ ሽቦ ሠርቶ ነበር። እኛም ይህንኑ ሠራን። 12 ሳንቲ ሜትር የመዳብ ሽቦ ሁለቱን ጫፎች በተቃራኒ አቅጣጫ አጥፈን፣ ጫፎቹን በሞረድ አሾልን፤ መካከሉን በመርፌ ጫፍ ላይ አስቀመጥን። መርፌውን ከሳህኑ ጋር አያይዘን መኪናውን ስንረግጥ ሽቦው ማንም ሳይነካው መዞር ጀመረ፤ ቀስ በቀስም ፈጥኖ ዐይን የማይከተለው ክብ ሆነ። መብራት ስናጠፋ በጫፎቹ ላይ ሐምራዊ ብርሃን ይታያል።

ምክንያቱን ያሳየን ጧፍ ነው። ሽቦውን በክር አስረን አቆምነውና በሾለው ጫፍ ፊት የበራ ጧፍ አስጠጋን። ነበልባሉ እፍ እንደተባለ ወደ ወዲያ ተጋደመ። ሙል በሾለ ጫፍ ላይ ይበረታል። በጫፉ አጠገብ ያለውን አየር ይሰነጥቅና አዮን የሚባሉ ሙል የያዙ ቅንጣቶችን ይፈጥራል። ከጫፉ ጋር ተመሳሳይ ሙል ያላቸው አዮኖች ተገፍተው ሲሮጡ ቀሪውን አየር ይዘው ይሄዳሉ፤ ነፋስ ይሆናል። ጫፉ ነፋሱን ወደ ኋላ ሲገፋ ነፋሱ ደግሞ ጫፉን ወደ ፊት ይገፋዋል። አፉ ሳይታሰር የለቀቅነው ፊኛ በክፍሉ ውስጥ የሚበረው በዚሁ ሕግ ነው።

4. ክብደቱ በእርግጥ ቀነሰ?

ከመካከላችን አንዱ፣ ሙል ይዞ የሚሽከረከር ነገር የመሬትን ስበት እንደሚያሸንፍ ከአንድ ቦታ ሰምቶ ነበር። ወሬው አዲስ አይደለም። ቶማስ ታውንሴንድ ብራውን የተባለ አሜሪካዊ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ከፍተኛ ቮልት ክብደትን ይለውጣል እያለ ሲከራከር ኖሯል። እኛም መርፌውን በፕላስቲክ ብርጭቆ ላይ ተክለን፣ ብርጭቆውን በባትሪ በሚሠራ የሱቅ ሚዛን ላይ አስቀመጥን። በቀጭን ሽቦ ከሳህኑ ሙል ስንልክለት ቁጥሩ ወረደ። ጮኽን፤ ተቃቀፍን። በማግስቱ እሑድ ነበርና ለሕፃናቱ ተናገርን።

የወንድማችን ነገር ከደረሰ በኋላ ግን፣ ሁለተኛውንም ንግግራችንን እንደገና እንድንፈትሽ ኅሊናችን አስገደደን። አስቀድመን የሱቁን ሚዛን ተውነው፤ ብልጭታ በወጣ ቁጥር ቁጥሩ ያለ ምክንያት ይዘል ነበርና። ከአንድ ወርቅ ሠሪ ባለ ሁለት ጣባ ሚዛን ለመንን። በእሱም 84 ግራም የነበረው ዕቃችን በ3 ዐሥረኛ ግራም ቀለለ። ከዚያ በኋላ ነገሩን በየተራ ለያየነው።

ሀ) ሙል ሳንሰጠው በእጅ አሽከረከርነው። ክብደቱ አልተለወጠም።

ለ) ሽቦውን በክር አስረን፣ ሳይዞር ሙል ብቻ ሰጠነው። እንደ በፊቱ 3 ዐሥረኛ ቀለለ። እንግዲህ ማቅለሉ ከመዞሩ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም ማለት ነው።

ሐ) ጠረጴዛውን በላዩ ተንጠልጥሎ ከነበረው የብረት የአምፑል ክዳን ሥር አራቅነው። ማቅለሉ ወደ 1 ዐሥረኛ ወረደ። ሙል የያዘው ሽቦ ወደ ክዳኑ ይሳብ ነበር።

መ) የሽቦው ጫፎች ጥቂት ወደ ታች ዘምበል ብለው አገኘናቸው። አቅንተን አግድም ስናደርጋቸው የቀረችው 1 ዐሥረኛም ጠፋች። ነፋሱ ወደ ታች እየነፈሰ ሽቦውን ወደ ላይ ይገፋው ኖሯል።

ሠ) በመጨረሻ አንዱን ጣባ አውጥተን፣ ውስጡ በአሉሚኒየም ወረቀት የተለበጠና ወረቀቱ ከመሬት ጋር የታሰረ ካርቶን በክር አንጠለጠልን። ጫፎቹን እንደገና ወደ ታች አዘንብለን ሁሉንም በካርቶኑ ውስጥ ከተን፣ ካርቶኑን ጭምር መዘንን። በትንሿ ቀዳዳ ስናይ ሽቦው ይዞራል፤ ሚዛኑ ግን አይነቃነቅም። ነፋሱም ሆነ ስበቱ የሚያርፈው በካርቶኑ ግድግዳ ላይ ነውና አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል። በጀልባ ውስጥ ተቀምጦ ጀልባዋን ከውስጥ የሚገፋ ሰው ወደ የትም እንደማይደርስ ማለት ነው።

እያንዳንዱን 10 10 ጊዜ ደገምነው። ሚዛን የሚያነበው ልጅ፣ ሙል ይሂድ አይሂድ እንዳያውቅ መኪናው ሁልጊዜ እንዲረገጥ አደረግን። ሽቦውን የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ሌላ ልጅ ከመጋረጃ በስተኋላ ነበር። ይህን ያደረግነው አንባቢውን ተጠራጥረን አይደለም። ዐይን የሚወደውን ማየት እንደሚቀናው በራሳችን ስላየን ነው።

በዚህ የተሳትን እኛ ብቻ አይደለንም። በ1989 (እ.ኤ.አ.) ሃያሳካና ታኬውቺ የተባሉ ሁለት የጃፓን ተመራማሪዎች፣ በደቂቃ እስከ 13 ሺህ ጊዜ የሚዞር ጋይሮስኮፕ ወደ ቀኝ ሲሽከረከር በጥቂት ሚሊ ግራም እንደሚቀል በታወቀ የፊዚክስ መጽሔት አሳተሙ። በ1990 በአሜሪካ ሁለት ልዩ ልዩ ቡድኖች ይበልጥ ተጠንቅቀው መዝነው ምንም ለውጥ እንዳላገኙ በዚያው መጽሔት አስታወቁ። የብራውንም ነገር በአዮን ነፋስ የሚገለጽ ሆኖ ተገኘ።

ይሁን እንጂ ነፋሱ ራሱ ከንቱ አይደለም። በ2018 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መሐንዲሶች 40 ሺህ ቮልት የሚጠቀም፣ ክብደቱ 2 ኪሎ ተኩል ገደማ የሆነ፣ የሚሽከረከር ሞተር የሌለው አውሮፕላን 60 ሜትር ያህል አበረሩ። ስበትን አላጠፉም፤ አየርን ገፉ። እውነቱ ከወሬው አነሰ ብላችሁ አትዘኑ፤ የሚበረው እውነቱ ነው።

5. 60 ሺህና 220

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። 60 ሺህ ያልገደለን፣ 220 ለምን ይገድላል?

ቮልት ውኃ የሚወርድበትን ከፍታ ይመስላል፤ የሚወርደውን የውኃ መጠን አይነግረንም። ከደንገጎ ተራራ አናት አንዲት ጠብታ ብትወርድባችሁ ግንባራችሁን ትጠርጋላችሁ። ደቻቱ ግን ከፍታው ምንም ሳይሆን ሲሞላ ምን እንደሚያደርግ ድሬዳዋ ያውቃል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰዎችን ወስዷል። ሳህናችን ያቺ ጠብታ ነው፤ ሶኬቱ የሞላው ደቻቱ ነው።

በቁጥር እንየው። ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ሳህን በ60 ሺህ ቮልት የሚይዘው ሙል ከአንድ ኩሎም አንድ ሚሊዮንኛ እንኳ አይሞላም፤ እሱም በቅጽበት ያልቃል። በ220 ቮልት የሚበራ የ100 ዋት አምፑል ግን በእያንዳንዱ ሴኮንድ ግማሽ ኩሎም ያህል ያሳልፋል፤ ይህም ከሳህኑ ከግማሽ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ነው። ሳያቋርጥም ይቀጥላል። በልብ በኩል ከ0.05 እስከ 0.1 አምፔር ማለፉ ሰውን ለመግደል ይበቃል፤ አምፑሉ የሚወስደው ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው።

በሌላ በኩል ከፍተኛ ቮልት ሁሉ እንደ ሳህናችን አይደለም። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው በአዲስ አበባና ጅቡቲ የባቡር መሥመር ላይ የተዘረጋው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ነው። ከእኛ ሳህን በግማሽ ያንሳል ብሎ የሚጠጋው ሰው ይሞታል። ከኋላው የኃይል ጣቢያ አለና። መንካት እንኳ አያስፈልግም፤ እየተጠጋ ሲሄድ ብልጭታው ራሱ ይደርስበታል።

6. ልንጠነቀቅ የሚገባን

ሙል የሚያከማች ጠርሙስ፣ ማለትም በ1745 እና በ1746 (እ.ኤ.አ.) የተገኘውንና የላይደን ጠርሙስ የሚባለውን፣ እኛ ላለመሥራት ወስነናል። ጠርሙሱ ብዙ ጠብታ አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ያፈሳል። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1750 በዚህ መሣሪያ ቱርክ ዶሮ ሊገድል ሲዘጋጅ ስቶ ራሱን መታው፤ ለጥቂት ጊዜም ራሱን አያውቅም ነበር። በ1753 ደግሞ ፕሮፌሰር ሪክማን በሴንት ፒተርስበርግ ከጣሪያው ብረት አስገብቶ መብረቅን ሊለካ ሲሞክር በመብረቁ ሞቷል። ስለዚህ በዝናብና በነጎድጓድ ጊዜ ሙከራ የለም። የሶኬት ኤሌክትሪክም ከሙከራችን ጋር አይቀላቀልም። ልቡን የሚያመው ወይም በልቡ የሕክምና መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ወደ ክፍሉ አይገባም።

ነዳጅም እንዲሁ ይራቅ። የቤንዚን ትነት ለመቀጣጠል ከአንድ ጁል አንድ ሺህኛ ያነሰ ጉልበት ይበቃዋል፤ ትንሿ የጣት ብልጭታ ከዚያ ልትበልጥ ትችላለች። ባጃጅ የምትነዱ ወንድሞች፣ በደረቅ ቀን ከፕላስቲክ ወንበር ተንሸራታችሁ ስትወርዱ ሙል ትይዛላችሁ። ቤንዚን ከመቅዳታችሁ በፊት ከታንኳው አፍ ራቅ ያለ ብረት ንኩ። ቤንዚን በፕላስቲክ ጠርሙስ ማገላበጥ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

7. እርማታችን

በተከታዩ እሑድ ያንኑ ንግግር በተናገርንበት ቦታ፣ በእነዚያው ሕፃናት ፊት እንደገና ቆምን። «ክብደት አልቀነሰም፤ ተሳስተናል» አልን። ካርቶኑንና የወርቅ ሠሪውን ሚዛን አምጥተን አሳየናቸው። ስለ ሶኬቱም በጠብታና በደቻቱ ነገርናቸው። አፍረን ነበር። አንዱ ከመካከላችን፣ ሕፃናቱ ከእንግዲህ አያምኑንም ብሎ ፈርቶ ነበር። ሚስማር የያዘው ልጅ ግን እጁን አውጥቶ፣ «ካርቶኑን እኔ ልመዝን?» አለ። ሰጠነው። ሦስት ጊዜ መዝኖ፣ «እውነታችሁን ነው፤ አልቀነሰም» ብሎ ፈረደ።

እንግዲህ ውድ ወጣቶች፣ የሚያስደንቅ ነገር ስታዩ መደነቁ ደግ ነው። ከመናገራችሁ በፊት ግን መዝኑት፤ ካርቶኑንም ጭምር መዝኑት። ሳትመዝኑ ተናግራችሁ እንደሆነም፣ እርማቱ የሚነገረው ስሕተቱን በሰሙት ሰዎች ፊት ነው። ከኋላችን የሚሰሙን ሕፃናት ሒሳብ ያውቃሉና።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ቺንጊያው ከከመነዳሪ ሲቆረጥ መሣሪያው ያልሠራው ለምንድን ነው?
2. ከሀ እስከ ሠ ካሉት ሙከራዎች፣ መዞሩ ከማቅለሉ ጋር እንደማይገናኝ ያረጋገጠው የትኛው ነው? ለምን?
3. ሚዛን አንባቢው ሙል መሄዱን እንዳያውቅ መደረጉ ምን ይጠቅማል?
4. የ9 ዓመት ታናሻችሁ «60 ሺህ ካልገደለ 220 ለምን ይገድላል?» ቢላችሁ በራሳችሁ ምሳሌ እንዴት ታስረዱታላችሁ?